የስም ብናኝ

ከኪቶ ፉርዲሳ፣ ከወርክሾፑ ጀርባ፣
ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፤ ሌላ ሰው ሳይገባ
በጠዋት ማሽኑን አሞቃለሁ።
መዝገብ ላይ «ቴክኒሺያን» እባላለሁ፤
እጄን ያየ ግን ዳቦ ጋጋሪ ነው ይላል፣
ከጣት እስከ ክርን ጠባሳው ይታያል።

ደጃፉ ላይ ጆንያ፣ በጆንያው ላይ ጆንያ፣
ሁሉም ገለፈት ነው፤ ከቡና መፈልፈያ
በመኪና ተጭኖ እዚህ የተደፋ።
ፍሬው ስም አውጥቶ ባሕር ማዶ ጠፋ፤
ገለፈቱ ቀረ። ዝናብ ሲመታው
ይኮመጥጣል፣ ይሸታል፣ ይጠቁራል ውሃው።

ላስቲኩ ከአዌቱ ነው። ሉባባ ናት ያወጣች፣
እስከ ጉልበቷ ገብታ፣ በቆመጥ እየሳበች፤
የዘይት ጀሪካን፣ ክዳን፣ ሸበጥ ነጠላ፤
ሸበጡን እመልሳለሁ፣ አይዋሃድም ከሌላ።
ኪሎው በስምንት ብር። «ይሰርቃል ሚዛንህ»
አለችኝ፤ የራሷን ይዛ ናት ከዚያን ቀን ወዲህ።

የመጀመሪያው ሳንቃ ከቅርጹ ወጣ፤ አየነው፤
ሰብሪና በአውራ ጣቷ ገፋ አደረገችው፤
ቀጭ አለ፣ እንደ ብስኩት።
ማንም አልሳቀ። እሷ ጎንበስ ብላ ስብራቱን ቃኘች።
«ገለፈቱ ውሃ ይወዳል፣ ላስቲኩ ውሃ ይጠላል፤
በግድ ያጋባኸው በሰርጉ ማታ ይፈታል»
አለች። የሊሙ ልጅ ናት፤ ንግግሯ አጭር።
በሶዳ አጠብነው፣ ሰሙ እስኪለቅ፣ ቅባቱ እስኪበር፤
ፀሐይ ላይ አሰጣነው። ዶሮዎች ሊጭሩት
መጡና ተጸየፉት።

አሁንም ይተጣጠፋል። አጥንት ጎድሎታል።
ለንብረት ክፍል ጻፍኩ፦ የደቀቀ ኖራ ድንጋይ፣ አንድ ኩንታል።
መልሱ በቀይ እስክሪብቶ፦ በጀት ሲኖር ይታያል።

ጋሽ ወንድይፍራው ዘንድ፣ ቆጪ፣ ወረድን በእግር፤
እብነ በረድ ቆርጦ ስም ይጽፋል ለመቃብር።
ከመጋዙ ሥር ነጭ ብናኝ፣ እንደ ፊኖ ዱቄት።
«ውሰዱት» አለ፣ «አይሸጥም። ግን ዕወቁት፤
ግማሹ የጠርዝ ነው። ግማሹ የፊደል ሆድ ነው፣
ስም ሲቀረጽ ከውስጡ ተፍቆ የሚወጣው።»

አካፋውን ያዝኩ። በየካቲት
የወንድሜ ስም የተጻፈው በዚያው መሮ፣ በዚያው ቤት
መሆኑን ለሰብሪና አልነገርኳት።
በወንፊት ነፋሁት፣ በግራም ለካሁት፤
ከመቶ ሠላሳ እጅ ገለፈት፣ አሥር እጅ ብናኝ፣
የቀረው ላስቲክ።
ሚዛኑ ጠርዝ ላይ የቀረውን በጣቴ ጠረግኩ።
ያን ቀን እጄን ሳልታጠብ ዋልኩ።

መሳቢያው ማሽን ሁለት መንጋጋ አለው፤
በአንዱ ነክሶ ይይዛል፣ በሌላው ይጎትታል።
ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወጣል፣
እኛ ትንፋሻችንን ይዘን—
ቀጭ።
ተሰበረ። ግን ዘግይቶ፣ ብዙ ተሸክሞ።
«ሁሉም ይሰበራል» አለች ሰብሪና፣ ወረቀቱን ቀዳ፣
«የእኛ ሥራ መቼ እንደሆነ ማወቅ ነው።»

ለአባ ዲጋ ወሰድንለት፣ ወደ ጅሬን መውጫ።
በርጩማ ይጠርባል፤ ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ፤
ዋንዛ ግን እንደ ድሮው የለም።
አንኳኳው፣ አሸተተው፣ ምላሱን አስነካው።
«እንጨት አይደል። ላስቲክ አይደል። ምን ልበለው?»
ሲቆርጠው ተማረረ፦ «መሮዬን በላብኝ፤
እንጨት ሲጠረብ ያወራኛል፣ ይሄ ዘጋኝ።»
በሦስተኛው ቀን ግን በርጩማው ቆመ፣
አንድ እግሩ ትንሽ የተጣመመ።

ቀድማ የተቀመጠችበት ሉባባ ናት።
ከአዌቱ መምጣቷ ነው፣ ቀሚሷ ገና ያንጠባጥባል፤
ሚዛኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ወዲያ ወዲህ አለችበት፤
አልጮኸም።
እኔ ከሥሯ ያለውን አያለሁ፤ ነጭ ነጥብ፣ እንደ ጨው፣
እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ፣
የማን ፊደል እንደሆነ የማይለይ።

«ከኔ ላስቲክ ነው ይሄ?»
«ካንቺም ነው።»
«እንግዲያው ኪሎው ስንት ገባ?»
ዘጠኝ አልኳት።
«ዐሥር አድርገው» አለች፣
ከበርጩማው ሳትነሳ።